«ካልተስማማህ ልቀቅ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የንግድ ቤት አከራይና ትንሽ ነጋዴ ለምን እንደሚጣሉ የሚያብራራ ነው። ጸሐፊው ለረጅም ዓመት ሕንጻ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው የረጋ ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሐሳባቸው ግን ከነከነኝ።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጠብ የሚነሳው ተከራዩ የፈረመውን ስለማያከብር ነው። ውል ውል ነው። ኪራዩ ያልተስማማው ይልቀቅ። ተከራይ ቤቱ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ የራሱ ጉዳይ ነው። ጥገና ኪራይ ላለመክፈል ሰበብ እየሆነ ነው። የጋራ ወጪ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከአለመተማመን የመጣ ነው። ከአስቸጋሪ ተከራይ ጋር ደግሞ ፈጣኑ መፍትሔ ቁልፍ መቀየር ነው። ተከራይን የሚጠብቅ ሕግ ግን ግንባታን ያቀዘቅዛል፤ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ተከራዩን ነው።

ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ሁሉም እኩል ቦታ አይወስዱብኝም። ሁለተኛውና አምስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የብዙው ጠብ ሥር እዚያ ነው ብዬ ስለማምን።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ሳልወድ ለቅቄያለሁ። እናቴ ደግሞ አንዲት ሱቅ ታከራይ ነበር። ስለዚህ የአከራይ ቤት ውስጥ ምን እንደሚወራም አውቃለሁ። ኪራይ ሲዘገይ እናት ምን ያህል እንደምትጨነቅ አይቻለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ውል ውል ነው»

በዚህ ብዙ አንጣላም። የፈረመ ሰው ፊርማውን ማክበር አለበት። «ሳላነብ ነው የፈረምኩት» የሚል ነጋዴ ሲገጥመኝ አዝንለታለሁ፤ ጥፋቱ ግን የራሱ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ቦታው ያምራል፣ መንገዱ ሰው ይበዛበታል፣ ደላላው ያጣድፋል፤ በቃ፣ ይፈረማል።

ጸሐፊው ግን ውሉን ሁለት እኩል ሰዎች ተነጋግረው የጻፉት አድርገው ነው የሳሉት። እኔ የማውቀው ውል እንደዚያ አይደለም። የአከራዩ ጠበቃ አዘጋጅቶት፣ ታትሞ ይጠብቃል። ትንሹ ነጋዴ የሚጨምርበት ስሙንና ፊርማውን ነው። አንድ አንቀጽ ይለወጥልኝ ቢል «ለሁሉም ተከራይ አንድ ነው» ይባላል።

ይህን የተረዱ ሕግ አውጪዎች ከፊርማው በፊት ያለውን ጊዜ ይጠብቃሉ። በአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት የችርቻሮ ሱቅ አከራይ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ ዝርዝር መግለጫ ለተከራዩ መስጠት አለበት። ኪራዩና የጋራ ወጪው ስንት እንደሚሆን፣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ እዚያ ላይ ይሰፍራል። 14 ቀን ብዙ ነው። ሰው ያማክራሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ሌላ ቤት ያያሉ። ከዚያ በኋላ «ውል ውል ነው» ቢባል ቃሉ ክብደት አለው።

ሕጉ ራሱም በዚህ አባባል ላይ አልቆመም። በ1647 እንግሊዝ ውስጥ ፓራዳይን የሚባል ባለመሬት ጄን የሚባል ተከራዩን ለኪራይ ከሰሰ። ተከራዩ በእርስ በርስ ጦርነቱ የልዑል ሩፐርት ጦር ከመሬቱ አባርሮኝ ነበር ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ «ውል ገብተሃል፣ ክፈል» አለው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ጉዳይ መጣ። ለሙዚቃ ዝግጅት የተከራየ አዳራሽ ከዝግጅቱ በፊት ተቃጠለ። ዳኛው ብላክበርን ውሉ የቆመው አዳራሹ ይኖራል በሚል መሠረት ላይ ነው፣ መሠረቱ ከጠፋ ሁለቱም ነጻ ናቸው አሉ። እንግዲህ የውል ጥብቅነት ልክ እንዳለው የታወቀው ዛሬ አይደለም።

ኮሮና ሲመጣም ይኸው ታየ። አውስትራሊያ በ2020 ያወጣችው ደንብ የተከራዩ ገቢ በቀነሰበት መጠን ኪራዩ እንዲቀልለት አዘዘ። ከቅናሹ ቢያንስ ግማሹ ጭራሽ የሚተው፣ ቀሪው የሚዘገይ ነበር። እንግሊዝ ደግሞ በ2022 የተጠራቀመ የንግድ ቤት ኪራይ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ሕግ አወጣች። ውሎቹ አልተቀደዱም። አከራዮችም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ጉዳቱን ሁለቱም ተካፈሉት።

«ካልተስማማህ ልቀቅ»

ይህ የጽሑፉ ልብ ነው። የእኔም ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው የሳቱት አንድ ነገር ይመስለኛል። አከራይና ተከራይ ለእኩልነት የሚቀርቡት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ተከራዩ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ነው። አሥር ቤት አይቶ አንዱን ይመርጣል። ዋጋው ካልተመቸው ወደ ሌላው ይሄዳል። ከፈረመ በኋላ ግን ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ወለል ያነጥፋል፣ መብራት ይዘረጋል፣ መደርደሪያ ያሠራል፣ ታፔላ ይሰቅላል። ከዚህም የሚበልጠው ደንበኛው ነው። ደንበኛ ያንን ጥግ ይለምዳል። «ከመታጠፊያው ሁለተኛዋ ሱቅ» እያለ ለሌላው ይጠቁማል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ያ ነጋዴ አሥር ቤት አይቶ የሚመርጥ ሰው አይደለም። ያለችው ያቺው አንዲት ቤት ናት። አከራዩም ይህን ያውቃል።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቤቴ ባዶ ግድግዳ ነበር። ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት። መለኪያ ክፍል አሠራሁ፣ ትልቅ መስታወት አስገባሁ፣ ለስፌት መኪናዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር ለብቻ አስዘረጋሁ። ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የቤቱ ባለቤት በሰው ላኩብኝ። ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «ካልተስማማህ ሌላ ሰው ይፈልገዋል» ነው መልእክቱ። በአንድ ወር ውስጥ ምን ዓይነት ቤት ይገኛል? ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ገና ያልወሰዱት የደንበኛ ልብስ ተደርድሮ ነበር። ለሠርግ ቀጠሮ የያዙ ነበሩ።

ለቀቅኩ። ከቋሚ ደንበኞቼ ግማሾቹ እንኳ ተከትለውኝ አልመጡም። አልፈርድባቸውም፤ አዲሱ ቦታ ሩቅ ነበር። ያቺ ቤት ደግሞ ስምንት ወር ተዘግታ ከረመች። በመጨረሻ የተከራየችው እኔ እከፍል ከነበረው ብዙም ባልበለጠ ዋጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እኔም ከሰርኩ፣ እሳቸውም ከሰሩ። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ስድስት ወር ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን ብንነጋገር ሁለታችንም በተረፍን ነበር።

«ልቀቅ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይደብቃል። ልቀቅ ሲባል ተከራዩ ጥሎት የሚሄደው ክፍል ብቻ አይደለም። ለዓመታት የገነባው ስምና ደንበኛ እዚያው ይቀራል። እሱ ያደመቀው ቦታ ዋጋው ይጨምራል፤ ጭማሪውን ግን መልሰው ከእሱ ይጠይቁታል።

ፈረንሳዮች ይህን ያዩት ቀደም ብለው ነው። በ1926 ባወጡት ሕግ ለነጋዴው ውል የማደስ መብት ሰጡት። በ1953 ድንጋጌውን አጠናከሩት። የንግድ ቤት ውል በመደበኛነት ከዘጠኝ ዓመት አያንስም። ተከራዩ ግን በየሦስት ዓመቱ መልቀቅ ይችላል። አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት ውል አላድስም ካለ ካሳ ይከፍላል። ካሳው ቀልድ አይደለም። ንግዱ ከቦታው በመነቀሉ የሚጠፋ ከሆነ የንግዱ ዋጋ ራሱ፣ ደንበኛውን ጨምሮ፣ ይታሰባል። የመጓጓዣና ሌላ ቦታ የመትከያ ወጪም ይጨመርበታል።

እንግሊዝ በ1954 ሌላ መንገድ መረጠች። ውሉ ሲያልቅ ነጋዴው እንዲታደስለት መጠየቅ ይችላል። አከራዩ እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች ሰባት ናቸው፤ በሕጉ ተዘርዝረዋል። ኪራይ በተደጋጋሚ ማዘግየት አንዱ ነው። ሕንጻውን አፍርሶ መሥራት አንዱ ነው። ባለቤቱ ራሱ ሊሠራበት መፈለጉም አንዱ ነው፤ ሆኖም ቤቱን ገዝቶ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ይህን ምክንያት ማንሳት አይችልም። ተከራዩ ሳያጠፋ የሚለቅ ከሆነ ካሳ አለው፤ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ በቆየ ንግድ ላይ ካሳው እጥፍ ይሆናል። ማስጠንቀቂያውም ከስድስት ወር ማነስ፣ ከአሥራ ሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ስድስት ወር! እኔ የተሰጠኝ አንድ ወር ነበር።

ያልተሟላውንም ልናገር። በእንግሊዝ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ይህን መብት ከውሉ ሊያስወጡት ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ ትንሽ ተከራይ መብቱን በፊርማው ይሰጣል። ቢሆንም አስቀድሞ በጽሑፍ «ይህን መብት እያጣህ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ግድ ነው። ቢያንስ ምን እንደሰጠ አውቆ ይሰጣል።

ሕንጻው ሲሸጥ ስለሚነሳው ጠብም ጸሐፊው አንድ መስመር ጽፈዋል፤ አዲስ ባለቤት በአሮጌ ውል መታሰር የለበትም ይላሉ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ገዢው ቤቱን ከነውሉ ነው የሚረከበው። ሽያጭ ኪራይን አይሽርም። ትክክልም ይመስለኛል። ገዢው ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ አይቶ ነው የገዛው። ዋጋውንም በዚያ አስቦ ነው የሚደራደረው።

«ቤቱ ላይ ያወጣው የራሱ ጉዳይ ነው»

እዚህ ላይ ከፊሉ እውነት ነው። አከራዩ ያልጠየቀውን ጌጥ ሁሉ እንዲከፍል ማስገደድ ልክ አይደለም። እኔ የምወደው ቀለም ለሚቀጥለው ተከራይ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገር ግን መለየት አለበት። አንደኛው ተነቅሎ የሚሄድ የሥራ ዕቃ ነው። በ1703 ሆልት የሚባሉ የእንግሊዝ ዳኛ ሳሙና አፍልቶ የሚሸጥ ተከራይ ለሥራው የተከላቸውን ጋኖች ውሉ ሳያልቅ ነቅሎ መውሰድ ይችላል ብለዋል። ምክንያታቸው ንግድን ማበረታታት ነበር። እኔ የመለኪያ ክፍሌን መጋረጃና መስታወት ሳነሳ የተቆጡኝ ሰው ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ተነቅሎ የማይሄድና የቤቱን ዋጋ የሚጨምር ሥራ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የውሃ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት። እንግሊዝ በ1927 ባወጣችው ሕግ ለዚህ ነጋዴው ሲለቅ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቁ ነው፤ አከራዩም የመቃወም ዕድል አለው። ወጣት ነጋዴዎች፣ ይህችን ያዙ። ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ደብዳቤ ይጻፍ። «በቃል ተስማምተን ነበር» የሚለው ንግግር ውሉ ሲያልቅ ማንንም አያድንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

«ጥገናን ሰበብ አድርገው ኪራይ ይይዛሉ»

በዚህ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ያጠፋሁትን አልደብቅም። ሁለተኛው ቤቴ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሁለት ጥቅል ጨርቅ ተበላሸብኝ። አምስት ጊዜ በስልክ ተናገርኩ። ስድስተኛው ላይ ተናድጄ የሁለት ወር ኪራይ ያዝኩ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ ጥፋተኛው ጣሪያውን ያልጠገነው ነበር። ከዚያ በኋላ ኪራይ ያልከፈልኩት እኔ ሆንኩ። በእጄ አንድም ደብዳቤ የለም። የስልክ ንግግር ማስረጃ አልሆነኝም።

በብዙ አገር ሕግ ኪራይ የመክፈል ግዴታና ቤት የመጠገን ግዴታ ለየብቻ ይታያሉ። አንዱ ሲጓደል ሌላው ወዲያው አይቆምም። ውሉ ወይም ሕጉ በግልጽ ካልፈቀደላችሁ ኪራይ አትያዙ። ክፈሉ፤ ክፍያው ላይ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስፍሩ። ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የተበላሸውን ዕቃ ዘርዝሩ፣ ግልባጩን አስቀምጡ። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን ደግሞ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል በቪዲዮ ቅረጹት። ፈረንሳይ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም የቤቱ ሁኔታ በሁለቱ ፊት መመዝገብ ያለበት በ2014 በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ውሎች ደግሞ እንደ ዋና ግድግዳና ጣሪያ ያሉ ከባድ ጥገናዎችን አከራዩ ወደ ተከራዩ ማዞር አይችልም።

ይህንን የጸሐፊው ጽሑፍ አላነሳውም። ጣሪያ የማን ነው? ቤቱ የእኔ ነው እንደማልል ሁሉ፣ ጣሪያውም የእኔ ነው ሊባል አይገባም። ተከራይ ኪራይ ይዞ ጥፋተኛ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚሰማው ሲያጣ ነው።

«የጋራ ወጪ ላይ መጨቃጨቅ አለመተማመን ነው»

አይደለም። ደረሰኝ መጠየቅ ነው።

የጋራ ወጪ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሊፍት፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለአስተዳደር ድርሻውን ይከፍላል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ሁሉም የሚጠቀምበትን ሁሉም ይክፈል። ችግሩ ኪራዩ ውሉ ላይ በቁጥር ተጽፎ ሳለ ይህ ክፍያ ክፍት መተዉ ነው። ኪራይ ለመጨመር አከራዩ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። የጋራ ወጪ ግን በማንኛውም ወር ሊያድግ ይችላል። ለዚህ ነው ትንሽ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው በኪራዩ ሳይሆን በዚህ ወረቀት የሆነው።

የጓደኞቼን ወረቀቶች ተቀምጬ አይቻለሁ። ሁልጊዜ የሚመጡት ጥያቄዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ድርሻህ በካሬ ሜትር ነው ይባላል፣ ካሬ ሜትሩን ግን ማንም አልለካም። ሁለተኛው ባዶ ክፍሎች ናቸው። ሕንጻው ግማሹ ባዶ ሲሆን ወጪው በቀሩት ተከራዮች ላይ ይከፋፈላል፤ ጎረቤት በለቀቀ ቁጥር የእኔ ክፍያ ያድጋል። ሦስተኛው ትልልቅ ግዢ ነው። አዲስ ሊፍት ተገዝቶ «ጥገና» ተብሎ ይጻፋል። ሊፍቱ እኔ ከለቀቅኩ በኋላ ሃያ ዓመት ያገለግላል፤ ንብረትነቱም የባለቤቱ ነው። አራተኛው በሁሉም ላይ በፐርሰንት የሚታሰብ የአስተዳደር ክፍያ ነው። ወጪው በጨመረ ቁጥር አስተዳዳሪው የበለጠ ያገኛል። እንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ ወጪ ለመቆጠብ የሚደክም ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች የተከራይ ክፋት የወለዳቸው ቢሆኑ ኖሮ ሕግ አውጪዎች በየአገሩ አይመልሷቸውም ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ወጪዎቹ በውሉ አንድ በአንድ ተዘርዝረው ማን ምን እንደሚከፍል መለየት አለበት፤ የባዶ ክፍሎችን ድርሻ ወደሌላ ተከራይ ማዞርም አይቻልም። ቪክቶሪያ ውስጥ አከራዩ የወጪውን ግምት አስቀድሞ ይሰጣል፣ በኋላ የሒሳብ መግለጫ ያቀርባል፤ እንደ ሊፍት ያለ የካፒታል ወጪንም ከችርቻሮ ተከራይ ማስመለስ አይችልም። ካሊፎርኒያ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላት። አምስትና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸውን ጥቃቅን ንግዶችና የመሳሰሉትን ይመለከታል። አከራዩ የሕንጻ ወጪ ሲያስከፍል ማስረጃ ሲጠየቅ የማሳየት ግዴታ አለበት።

እናቴ ይህን ሕግ ሁሉ አታውቅም ነበር። አንድ ደብተር ነበራት። ለሱቋ የወጣውን ሁሉ በእርሳስ ትጽፍ ነበር፤ ቧንቧ፣ ቁልፍ፣ ቀለም። ደረሰኙን በመርፌ ቁልፍ ገጹ ላይ ትይዘዋለች። ተከራይዋ ኪራይ ሊከፍል ሲመጣ ሳይጠይቃት ደብተሩን ትገልጥለታለች። አንድም ቀን ሲጨቃጨቁ አልሰማሁም። በልጅነቴ ያን ሁሉ ለምን እንደምትደክም አይገባኝም ነበር።

«ፈጣኑ መፍትሔ ቁልፍ መቀየር ነው»

ይህን ሳነብ አዘንኩ። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ምክር ለወጣት አስተዳዳሪዎች መስጠት አልነበረባቸውም። ቁልፍ ሲቀየር ውስጥ የሚቆለፈው የደንበኛ ልብስ ነው፣ የሰው አደራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አከራይ በራሱ ሥልጣን ገብቶ የተከራይን ዕቃ ለኪራይ የሚይዝበት ጥንታዊ መብት ነበር። በ2014 ተሽሮ በሌላ ሥርዓት ተተካ፤ አሁን አስቀድሞ ማስታወቂያ ያስፈልጋል፣ ዕቃ የሚይዘውም ፈቃድ ያለው አስፈጻሚ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ በ2016 የንግድ ተከራይን ለማስለቀቅ አገልግሎት መቁረጥና ሥራውን ማወክ በደል መሆኑን የሚደነግግ ሕግ አውጥታለች፤ ተከራዩ ሊከስበት ይችላል።

ፍጥነት ከተፈለገ ሌላ መንገድ አለ። ቪክቶሪያ ውስጥ የችርቻሮ ኪራይ ጠብ ወደ ዳኞች ከመድረሱ በፊት በአነስተኛ ንግድ ኮሚሽኑ በኩል በሽምግልና መሞከር አለበት። ሁለቱም ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ጠብ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው።

«ሕግ ግንባታን ያቀዘቅዛል»

ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ኪራይን በጣሪያ ማሰር ከባድ መድኃኒት ነው። ኒው ዮርክ ከ1945 እስከ 1963 የንግድ ቤት ኪራይን ትቆጣጠር ነበር፤ ከዚያ ተወችው። እኔም የኪራይ ጣሪያ ይጣልልኝ አላልኩም። ዋጋ በገበያ ይወሰን።

ጸሐፊው ግን የዋጋ ጣሪያንና የአሠራር ሥርዓትን አንድ ላይ ጨፍልቀዋቸዋል። አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ደረሰኝ ማሳየት፣ ያለ ምክንያት ለማይታደስ ውል ካሳ መክፈል ዋጋን አያስሩም። አየርላንድን እንይ። እዚያ የኪራይ ክለሳ ሲደረግ፣ ማለትም ውሉ ሳያልቅ ኪራዩ እንደገና ሲታይ፣ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ እንጂ ወደ ታች የማይሄድበት አንቀጽ የተለመደ ነበር። ኢኮኖሚው ሲወድቅ ነጋዴው በድሮው የጋለ ገበያ ዋጋ ታስሮ ቀረ። ከየካቲት 2010 መጨረሻ ጀምሮ በሚፈረሙ አዲስ ውሎች ላይ ይህ አንቀጽ እንዳይሠራ ተደረገ። ይህ ገበያን መቃወም አይደለም። ገበያው ሲወርድም ይሠራ ማለት ነው።

በመጨረሻ አሁን ስላለሁበት ቤት ልናገር። ከመፈረሜ በፊት ባለቤቷን ሦስት ነገር ጠየቅኳቸው፤ ውሉ መጨረሻ ላይ በእጅ ጽሑፍ ጨመርናቸው። ውሉ ከማለቁ ስድስት ወር በፊት ሁለታችንም ሐሳባችንን በጽሑፍ እንናገራለን። እኔ የምተክለው ነገር ሁሉ ከነፎቶው ይመዘገባል፤ የምወስደውና የምተወው ይለያል፣ የምተወው ዋጋውም ያኔውኑ ይጻፋል። የጋራ ወጪው ደረሰኝ በየሦስት ወሩ ይታያል። ባለቤቷ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። ባለፈው ውል ስናድስ ኪራዩ ጨምሯል፤ እኔም እንደሚጨምር ስድስት ወር ሙሉ አውቄ ዋጋዬን አስተካክዬ ጠብቄያለሁ። ንግግራችን ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ እነዚያን ሦስት መስመሮች እንዳሉ ልልክላቸው እችላለሁ።